ከሩቅ ሆነው ለሚሠሩ

በር ላይ ቆሞ የሰው ወሬ መስማት ነውር ነው፤ ይህን እናቷ ከልጅነቷ ጀምራ ስትነግራት ኖራለች። ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶ የሚያንባርቅ ኃላፊ ሲያጋጥም ነውሩ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በሆስፒታሉ ውስጥ ትልቁም ትንሹም «እትዬ ኔትወርክ» የሚሏት ሴት ያን ሐሙስ ጠዋት ሰማያዊ የገመድ ጥቅል በትከሻዋ አንጠልጥላ በሦስተኛው ፎቅ ስታልፍ የሰማችው ይህን ነበር። «መመሪያ የማያነብ ሰው እዚህ ቤት ምን ይሠራል? ማንበብ የማይችል ቢሆን እንኳ ይታዘንለት ነበር። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ዓይኑን ማየት አልፈልግም።» ኃላፊው ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። የሚወራው ስለ ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ ጢም አብቅሎም፣ ደመወዝ በልቶም፣ ቤት ውስጥ «ማሙሽ» ከመባል ስላልዳነው ወንድሟ።

ማሙሽ ማንበቡን ከእሷ በላይ የሚመሰክር አልነበረም። ሥራ ያስገባችው እሷ ናት፤ የመጀመሪያው ቀን ጣቷን ቀስራ «ከመመሪያው አንዲት መስመር እንዳትወጣ፤ ግምትህን ቤት ትተኸው ና» ብላዋለች። እሱም ቃሏን እንደ አደራ ይዞ፣ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ኔትወርክ የሚዋቀርበትን የፕሮግራም መሣሪያ መመሪያ እራት ላይ ሳይቀር እያነበበ ሾርባው ሲቀዘቅዝ እናታቸው ትቆጣው ነበር። ሰኞ ዕለት የሆነው እንዲህ ነው። ላቦራቶሪው ከዋናው ሆስፒታል ርቆ በከተማው ሌላ ጫፍ ነው ያለው፤ የምርመራ ውጤቶችን ወደ ሐኪሞቹ የሚያስተላልፈው ማሽንም እዚያው ነው። የዚህ ማሽን አድራሻ እንዲቀየር ማሙሽ ታዘዘ። ከሩቅ ሆኖ የማሽን አድራሻ መቀየር የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ እንደ መቁረጥ ነው፤ አንዲት ቁጥር ከተሳሳተች ማሽኑ ይጠፋል፣ የጠፋውን ደግሞ ከሩቅ ሆኖ መጥራት አይቻልም። መሣሪያው «ሙከራ» የሚባል ትእዛዝ ያለው ለዚህ ነው። ለውጡን ያደርግና ጥቂት ይጠብቃል፤ ሠራተኛው «ደህና ነው» ብሎ ካላጸደቀለት ሁሉን ነገር ወደ ነበረበት ይመልሳል። መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ «ካላጸደቁት የቀድሞው ቅንብር በራሱ ይመለሳል»። ማሙሽ ይህን አምኖ ሞከረ። አንዲት ቁጥር ተሳስቶ ነበርና ማሽኑ ጠፋ። እሱ ግን አልደነገጠም፤ እጁን አጣጥፎ እስኪመለስ ጠበቀ። አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሆስፒታሉ በሙሉ ያውቀዋል። ሰው በመኪና ተልኮ ማሽኑን እስኪያስተካክል ድረስ የምርመራ ውጤት በወረቀት፣ በሞተር ሳይክል ሲመላለስ ዋለ፤ ቀዶ ሕክምና ተራዘመ፤ ኮሪደሩ በበሽተኛና በአስታማሚ ጢም አለ። የሞተ የለም፤ ግን ያልተቆጣም የለም። ኃላፊው ማሙሽን ሐኪሞቹ ፊት አቁሞ «መመሪያውን አንብበሃል ወይስ አላነበብህም?» ሲለው ልጁ መልስ አጣ። አንብቤአለሁ እንዳይል ማሽኑ መስክሮበታል፤ አላነበብኩም እንዳይል ውሸት ነው። ዝም አለ። ዝምታውንም ይዞ ቤት ገባ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት፤ እሱ የሚተኛው ከሳሎኑ ሶፋ ላይ ስለሆነ ዝም ሲል ቤቱ በሙሉ ዝም ይላል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ሲነሳ ሸሚዙን እየቆለፈ ወለሉን ያያል። እናትየው የቲማቲም ዋጋ መጨመሩን፣ የጎረቤቷን ጉልበት፣ የደረጃውን አምፖል መቃጠል እያነሳች ክፍተቱን በወሬ ትሞላዋለች፤ ወሬዋ ሲያልቅባት ደግሞ የቲማቲሙን እንደገና ትጀምራለች። እትዬ ኔትወርክ ከወንድሟ አፍ የሰማችው «ጥፋቱ የኔ ነው» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት። እሷም እውነቱን ለመናገር አምናው ነበር። ያን ጠዋት በሩ ሥር ቆማ «መመሪያ የማያነብ» የሚለውን ስትሰማ ነው ደሟ የፈላው።

ገብታ መጮህ ትችል ነበር። ግን ባዶ እጇን ሙግት የምትገባ ሴት አይደለችም። ገመዷን እንደተሸከመች ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ እዚያ የተሰበሩ ወንበሮችና ያረጁ ማሽኖች የሚቀመጡበት ክፍል አለ። ከአሮጌዎቹ ሁለቱን አቧራቸውን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ በአንድ አጭር ገመድ አገናኘቻቸው። የላቦራቶሪውን ማሽን ልማድ ሁሉ ለአንደኛው አስተማረችው። መጀመሪያ ራሱ ማሽኑ ፊት ተቀምጣ ሙከራውን አዘዘች፤ ሆን ብላ ቁጥሩን አሳሳተች፣ ሆን ብላም ሳታጸድቅ ተወችው። ጥቂት ቆይቶ ቅንብሩ ልክ መመሪያው እንዳለው ተመለሰ። «ጎሽ» አለችው፤ ከማሽን ጋር ማውራት የሙያው በሽታ ነው። ቀጥላ ወደ ሁለተኛው ማሽን ዞረችና ከሩቅ እንደሚሠራ ሰው በገመዱ በኩል ያንኑ ደገመችው፤ ሩቅ ማለት እዚህ ጋ ሁለት ክንድ ነው። ግንኙነቱ ተቋረጠ። ጠበቀች። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ስለነበር ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ጠበቀች። የቀድሞው ቅንብር አልተመለሰም። ደገመችው፤ አልተመለሰም።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልቆየችም። የሆስፒታል ማሽኖች ጥንቃቄ ያበዛሉ፤ ከሩቅ የገባ ሰው ድምፁ ከጠፋ ወዲያው በሩን ይዘጉበታል። በሩ ሲዘጋ ደግሞ ያ ሰው የጀመረው ሥራ ሁሉ አብሮት ይቆማል፣ ሙከራውም ጭምር። ለክፉ ቀን ይመልሳል ተብሎ የተቀመጠው ጠባቂ ከጠፋው ሰው ጋር አብሮ ይሸኛል ማለት ነው። የመመሪያው ቃል እውነት ነበር፤ እውነትነቱ ግን ማሽኑ ፊት ለተቀመጠ ሰው ነው። ከሩቅ ላለ ሰው፣ ትእዛዙን ከማንም በላይ ለሚፈልገው ሰው፣ የተጻፈ አንድም ነገር የለም። ማሙሽ ቁጥሩን ተሳስቷል፤ ሙከራ የተሠራው ግን ለተሳሳተ ሰው አይደለም እንዴ? ልጁ አንብቧል። ያነበበውን አምኗል። ያመነው ነገር ግማሹ አልተጻፈም ነበር።

በመመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ «ስህተት ካገኙ ይንገሩን፤ ማሻሻያ ካለዎት ይላኩልን» የሚል መስመርና አድራሻ አለ። እትዬ ኔትወርክ ይህን መስመር ለዓመታት ስታየው፣ በር ላይ ከሚነጠፍ ምንጣፍ «እንኳን ደህና መጡ» የተለየ ክብር ሰጥታው አታውቅም። መመሪያ የሚጽፉት ሌሎች ፍጡራን ይመስሏት ነበር፤ እነሱ የጻፉትን እሷ ትታዘዛለች እንጂ ታርመዋለች ብሎ ያሰበ የለም። አሁን ግን ሌላ የምትሄድበት አልነበራትም። እንግሊዝኛዋ የሥራ እንግሊዝኛ ነው፤ ኬላ አያልፍም እንጂ መንገድ ላይ አያስቀርም። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። ረጅሙን ምሬቷን አንድ ገጽ አድርጋ ጽፋ ሁሉንም አጠፋችውና በመጨረሻ የቀረችው ይህች ብቻ ነበረች፤ «ከሩቅ ሆነው ለሚሠሩ፤ ግንኙነትዎ ከተቋረጠ ይህ ትእዛዝ አብሮ ይቋረጣል፣ የቀድሞው ቅንብርም አይመለስም»። ያየችውንና ያደረገችውን ሙከራ ከሥሯ በዝርዝር አስቀምጣ፣ የመሣሪያው ተጠቃሚ ሁሉ ወደሚያየው ወደዚያ አድራሻ ላከችው። ከዚያ አንድ ሐኪም ማተሚያዬ እምቢ አለኝ ብሎ ስለጠራት ወደ ላይ ወጣች። ማተሚያው እምቢ ያለው ወረቀት ስላልነበረው ነው።

ከዚያ ስትመለስ ሻይ ልትጠጣ ቆመች። የሻይ ቤቷ ሴትዮ የሆስፒታሉን ወሬ ከኃላፊው ቀድማ የምታውቅ ናት።

«ወንድምሽን ሊያባርሩት ነው አሉ» አለቻት ስኳሩን እየገፋችላት። «ምነው፣ ሰው እኮ ይሳሳታል። ማሽንም ይሳሳታል።»

«ማሽኑም አይደለም፣ ልጁም አይደለም። አንዲት ያልተጻፈች ዓረፍተ ነገር ናት ያጠፋችው።»

«እንግዲያስ እሷን አያባርሯትም?» አለች ሴትዮዋ። እትዬ ኔትወርክ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ምድር ቤት ስትመለስ መልስ ይኖራል ብላ አልጠበቀችም፤ ኮምፒውተሩን የከፈተችው ለመዝጋት ነበር። ግን መልስ ነበር። የማታውቀው ሰው፣ አገሩን እንኳ የማትገምተው፣ ዓረፍተ ነገሯን አንብቦ፣ የራሱን ሁለት ማሽን አገናኝቶ፣ እሷ ያደረገችውን ሁሉ አድርጎ ውጤቱን ጽፏል። «እኔ ጋ ተመልሷል» ይላል። ቀጥሎ ግን «ምክንያቱን ፈለግሁት፤ የኔ ማሽን በሩን ቶሎ አይዘጋም። እንደ እርስዎ ቶሎ እንዲዘጋ ባደርገው አልተመለሰም። ስለዚህ ‹ይቋረጣል› ከማለት ‹ሊቋረጥ ይችላል› ብንል ይሻላል፤ የሚያነበው ሰው ይጠንቀቅ፣ እኛም አንዋሽ» ይላል። ከሥሩም «በአንድ እጄ ስለምጽፍ የፊደል ግድፈት ይቅር ይበሉኝ፤ በሌላው ክንዴ ላይ ልጄ ተኝታለች» ብሏል። እትዬ ኔትወርክ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እዚህ ቤት ውስጥ ስለ ወንድሟ የስንብት ደብዳቤ ለመጻፍ የቸኮለ እንጂ ስለ አንዲት ቃል እውነትነት ሕፃን ታቅፎ የሚጨነቅ ሰው አላየችም። ተገረመች፤ መገረም ብቻም አይደለም፣ ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው ድምፅ ላለማሰማት ወንበሯን ቀስ አድርጋ ሳበች።

ከዚያ ሌሎቹ መጡ። በበረዶ ውስጥ የአየር ጠባይ የሚለካ ጣቢያ የምትጠብቅ ሴት ጻፈች፤ ይህ ነገር ደርሶባት አንዲት ቁልፍ ለመጫን ብቻ ሁለት ቀን ሙሉ በበረዶ ተሽከርካሪ መጓዟን፣ ደርሳም ቁልፏን ተጭና፣ እዚያው ቁጭ ብላ ማልቀሷን። የመርከብ ሰው ጻፈ። የአንድ ትምህርት ቤት ሰው ጻፈ፤ ተማሪዎቹ የፈተና ቀን ኔትወርክ አጥተው እሱን ሲረግሙት መዋላቸውን። አንዱ የዛሬ ስንት ዓመት በዚሁ ምክንያት ከሥራ ተባርሮ ሙያውን ትቶ አሁን ዳቦ ጋጋሪ መሆኑን ጽፎ «ዳቦዬ ግን ጥሩ ነው» ብሎ ጨመረበት። በአንድ ከሰዓት ይህ ሁሉ ሰው። የሁሉም ታሪክ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ አንድ ይሆናል፤ «ያጠፋሁት እኔ መስሎኝ ነበር፣ ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም» ይላሉ። ይህን ስታነብ እጇን አፏ ላይ አደረገች። በዓለም ዙሪያ ያለ ይህ ሁሉ አዋቂ፣ እያንዳንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እያንዳንዱ ሞኙ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ፣ ዝም ብሎ ኖሯል። ዝም በማለታቸውም ገጹ እንደነበረ ቆይቶ የሚቀጥለውን ሰው ጠበቀው። ጠብቆም ማሙሽን አገኘው። እንባዋ መጣ፤ የሚያያት ስለሌለ አልጠረገችውም።

ከሁሉ በኋላ የገጹ ጠባቂ ራሱ መጣ። ገጹን መጀመሪያ የጻፈው ሰው ነው፤ ሌሎቹ ሲጠሩት ከአጠራራቸው ሽማግሌ መሆኑ ያስታውቃል። «ያን ስጽፍ ማሽኑ ከጠረጴዛዬ ሥር ነበር፤ በጉልበቴ እነካው ነበር» ይላል። «ከማሽኑ ርቆ የሚቀመጥ ሰው ትዝ አላለኝም። እናመሰግናለን።» ዓረፍተ ነገሯን ‹ሊቋረጥ ይችላል› በሚለው አስተካክሎ፣ ጥንቃቄ ተብሎ ከትእዛዙ በላይ እንድትቀመጥ አድርጎ ተቀበላት። በሚቀጥለው እትም መሣሪያው ባለበት ማሽን ሁሉ ውስጥ ትገባለች ማለት ነው፤ በትምህርት ቤቱም፣ በመርከቡም፣ በበረዶው ጣቢያም፣ እሷ ጨርሶ በማታውቃቸው ከተሞች ምድር ቤት ውስጥም። ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት። በእነሱ ዘንድ ልማድ ነው፤ ከለውጡ ሥር የጻፈው ሰው ስም፣ ከዚያም ስህተቱን መጀመሪያ ያገኘው ሰው ስም ይሰፍራል። «ያገኙት እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሰው?» አላት። ጥያቄውን ትንሽ አየችው። ከዚያ ጻፈችለት።

ኃላፊው ጋ የገባችው የሥራ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰኞ ዕለት ሐኪሞቹ የጮኹበትን ጩኸት የሚያወርድበት ትከሻ የፈለገ ሰው ነው። ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ አስረዳችው። ሰምቶ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ቆይ፣ ልረዳሽ» አለ። «ማሽኑን ያጠፋው ወንድምሽ። መመሪያው ስህተት ነው የምትለው አንቺ። ዛሬ መመሪያውን የቀየርሽውም አንቺ። ነገ ዳኛዋ አክስትሽ ናት?»

«እኔን አይመኑኝ፤ እነሱን ያንብቡ» አለችው።

አነበበ። መነጽሩን መልሶ አድርጎ፣ መጀመሪያ ለይስሙላ፣ ቆይቶ ግን ወንበሩን አስጠግቶ። ዳቦ ጋጋሪው ጋ ሲደርስ ፈገግ አለ። የበረዶዋ ሴት ጋ ሲደርስ ፈገግታው ጠፋና «ይቺ ሴትዮ የእውነት ሰው ናት?» ብሎ ጠየቀ፤ «የእውነት ናት» አለችው። ውጭ ያሉት ጸሐፊዎች ቦርሳቸውን ሲዘጉ ይሰማል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ግን ይሄን ሁሉ የነገረኝ ማነው? አንቺ ነሽ። እሱ ምን አለ? ምንም። ‹ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል› ሲባል አልሰማም? ነገ ጠዋት ሐኪሞቹ ይሰበሰባሉ። እዚያው ባፈረበት ቦታ ቆሞ የሆነውን በራሱ አፍ ያስረዳ። ካስረዳ ሥራው የሱ ነው። ነገም ዝም ካለ ዝምታውን እንደ ቃሉ እወስደዋለሁ። አንቺ እንድትናገሪለት ግን አልፈቅድም፤ ከበሩ ውጭ ትቆሚያለሽ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ፣ በሰው ክንድና በሰው ዘንቢል መሀል፣ ወደ ቤት ስትሄድ ያስጨነቃት ይህ ነበር። ዓረፍተ ነገሯን ሽማግሌው ተቀበላት፣ ኃላፊውም እንደ መቀበል አለ፤ የቀረው ሶፋው ላይ የተኛው ነው። ለማሙሽ መምከር ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች። ሲመከር አንገቱን ይነቀንቃል፣ ነቅንቆም እንደነበረ ይሆናል።

እናትየው ሾርባውን አቅርባ፣ ዳቦውን ቆርሳ፣ ወሬዋን ጀምራ ነበር። አምፖሉ ተቀይሯል፤ ቲማቲም ግን እንደ ጨመረ ነው። ማሙሽ ማንኪያውን ይዞ ሾርባውን ያማስላል እንጂ አይጠጣም። እትዬ ኔትወርክ የኃላፊውን ቃል፣ አንዱንም ሳትቀንስ፣ አንዱንም ሳትጨምር ነገረችው። ልጁ አንገቱን ነቀነቀ። እሷም ተጨማሪ አልተናገረችም፤ ኮምፒውተሯን ከሾርባው ሳህን አጠገብ ከፍታ፣ «ከፈለግህ እየው» ብላ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ዞረች። ጀርባዋን ሰጥታው አጠበች። ብርጭቆ አጥባ ደግማ ያንኑ ብርጭቆ አጠበችው። ከኋላዋ ድንገት አጭር ሳቅ የመሰለ ነገር በአፍንጫው ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ጋ ደርሷል ማለት ነው። ቀጥሎ ደግሞ ትንፋሹ ከበደ፤ ያቺ ሁሉም የሚደጋግማት ዓረፍተ ነገር ጋ ደርሷል። እናትየው ወሬዋን አቋርጣ ከኋላው መጥታ ቆመች። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ቢሆንም የልጇ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ለማየት ቋንቋ አያስፈልግም።

«ምንድነው እሱ? ምን አደረጉህ?» አለች።

ከዚያ ዓይኗ ገጹ መጨረሻ ላይ አረፈ። ጎንበስ አለች። ባሏ በሕይወት ሳለ የከተማው ውኃ ሠራተኛ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ከመሬት በታች ቧንቧ ሲቀጥል ኖሮ ስሙ የተጻፈው ደረቱ ላይ በሚያንጠለጥላት የሥራ መታወቂያ ላይ ብቻ ነበር። መታወቂያዋን ሸሚዙን ባጠበች ቁጥር ስትነቅላትና ስትሰካ ስለኖረች በእንግሊዝኛው ፊደል ያለውን ስሙን ቅርጹን ታውቀዋለች። ጣቷን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አደረገች።

«ይሄ የአባታችሁ ስም አይደለም?»

«ነው» አለ ማሙሽ፤ ድምፁ ለቀናት ስላልሠራ ሻክሯል።

«ይሄኛውም?»

«እሱም ነው፣ እማዬ። የላይኛው የእህቴ ነው፤ እሷ ናት የጻፈችው። የታችኛው የኔ ነው።»

«ሁለት ቦታ ጻፉት» አለች እናትየው፣ ለራሷ እንደምትናገር። «የት ነው የሚቀመጠው ይሄ?»

«ሁሉም ቦታ» አለ ማሙሽ። ቃሉን ራሱ የሰማው ያኔ ይመስል ትንሽ ቆም ብሎ ደገመው። «ሁሉም ቦታ ነው፣ እማዬ።»

«ያንተ ላይስ ምን ይላል?»

ማሙሽ ወደ እህቱ ጀርባ አየ። እትዬ ኔትወርክ አልዞረችም።

«ስህተቱን ያገኘው ይላል።»

እናትየው ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሐኪም የሚሰጣትን ትእዛዝ እንደምትሰማው ሆና፣ «እንዴት አገኘኸው? ለኔ በሚገባኝ አድርገህ ንገረኝ፤ አትቸኩል» አለችው። ማሙሽም ተነሳ። የጨው ዕቃውን ወስዶ ላቦራቶሪው ይሄ ነው አላት፣ የሱን ማንኪያ ሆስፒታሉ ነው አላት፣ መሀላቸው መንገድ ነው አለ። የተሳሳታትን ቁጥር ሳይደብቅ ተናገረ። ጠባቂውን ነገራት፣ በሩ እንዴት እንደሚዘጋ ነገራት፣ ጠባቂው ለምን እንደማይመለስ ነገራት። እናትየው ያልገባትን ስትጠይቀው ከመጀመሪያው ይጀምርላታል። እህቱ ውኃው ድምፁን እንዳይሸፍንባት ቧንቧውን ዘግታ፣ እጆቿ እንደረጠቡ ቆማ ትሰማዋለች፤ እሷ ራሷ ማምሻውን ለኃላፊው ካስረዳችው ይልቅ የልጁ ይበልጥ ግልጽ ነበር።

ሲጨርስ እናትየው ረጅም ጊዜ የጨው ዕቃውንና ማንኪያውን አየቻቸው።

«ነገም ልክ እንደዚህ ንገራቸው» አለች።

«እነግራቸዋለሁ» አለ ማሙሽ።